በእማማ ስም የጻፍኩት መስቀል

ባለፈው ሳምንት ሁለት ወጣቶች ቤቴ ድረስ መጡ። ቤቴል ፌርማታ ላይ ወርደው ሰፈሩን ሲዞሩ የቆዩ ይመስለኛል፣ ጫማቸው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ወላጅ ለሌላቸው ሕፃናት ረጅም ዘመን ያገለገሉ ሠራተኞች የሚመሰገኑበት በዓል ተዘጋጅቷል፤ እኔም ተመርጫለሁ። ልጅቷ የያዘችውን ወረቀት እያየች ከጣልያን ጊዜ ጀምሮ ማገልገሌ እውነት እንደሆነ ጠየቀችኝ። እውነት ነው አልኳት። እንግዲያው የዚያን ዘመን ታሪክዎን ይንገሩንና መድረክ ላይ ይነበባል አለች። ልጁ ደግሞ ያኔም ተሸላሚ እንደነበርኩ መስማቱን በፈገግታ ነገረኝ። ማን እንዳወራለት እንጃ፤ የሚያወራ ሰው አይጠፋም።

ሻይ አጠጥቼ ሸኘኋቸው። ታሪኩን ራሴ እጽፈዋለሁ አልኳቸው። ይኸው እየጻፍኩት ነው፣ መድረክ ላይ የሚነበብ ግን አይመስለኝም።

ጣልያን አዲስ አበባ በገባ በዓመቱ፣ ከየካቲቱ ጭፍጨፋ በኋላ፣ ከተማው ወላጅ በሌላቸው ልጆች ተሞላ። በየአጥሩ ሥርና በየገበያው ዳር የሚገኙት ልጆች ኮልፌ ወደ ነበረ አንድ ግቢ ይመጡ ነበር። ግቢው ከመኳንንቱ የአንዱ ነው። ሰውየው ጫካ ሲገቡ ጣልያን ቤታቸውን ወረሰና የሕፃናት ማሳደጊያ አደረገው፤ አባት ገድሎ ልጅ ማሳደግ እንግዲህ የእነሱ ጽድቅ ነው። ኮልፌ ያኔ ከተማ አይባልም። ባሕር ዛፍ፣ የገብስ ማሳና ጭቃ ነው። ዛሬ የታክሲ ረዳት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ!» የሚልበት አገር ሁሉ ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ነበር።

እኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ከወረራው በፊት ሦስት ዓመት የፈረንጅ ትምህርት ቤት ስለተማርኩ የላቲን ፊደል እጽፋለሁ፤ ጣልያንኛውንም ቶሎ ለቀምኩት። በዚህ ምክንያት ሞግዚትም፣ ጸሐፊም፣ አስተርጓሚም ሆኜ ተቀጠርኩ። ከእኔ ሌላ ልጅ የሚይዙ አንዲት ሴት ብቻ ነበሩ። ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። የዚያው ሰፈር፣ የቀራንዮ ሰው ናቸው፤ የወለዷቸውን ልጆች ሁሉ በየተራ ቀብረው ብቻቸውን የቀሩ። አጭር፣ ሰፊ ትከሻ ያላቸው፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሴት ነበሩ። ከኦሮሞው ልጅ ጋር በኦሮምኛ፣ ከጉራጌው ልጅ ጋር በጉራግኛ ያወራሉ፤ እኔን በአማርኛ ይቆጡኛል።

መዝገቡን የምጽፈው እኔ ነኝ። ጥቁር ሽፋን ያለው ትልቅ ደብተር ነው። በየመስመሩ የልጁ ቁጥርና የገባበት ቀን ይጻፋል፣ ቀጥሎ የሞግዚቷ ስም፣ መጨረሻ ላይ ባዶ ቦታ ይተዋል። ልጁ ከሞተ በባዶው ቦታ ላይ ትንሽ መስቀል ይደረጋል። የሞግዚቷ ስም የሚጻፈው ልጁ በማን ክፍል እንደሚያድር እየታየ ነው። ማሳደጊያውን የሚያዝዘው የጣልያኖቹ ቢሮ ትእዛዝ እንዲያ ነበር።

ክፍሎቹ ሁለት ናቸው። ትልቁ አዳራሽ የእኔ ነው። የግቢው ባለቤት ኮርቻ ያስቀምጡባት የነበረችው ትንሿ ክፍል የእማማ ናት። ከማድ ቤቱ ጋር በአንድ ግድግዳ ስለምትገናኝ ትሞቃለች። ስለዚህ የታመመ ልጅ ሁሉ ወደ እሳቸው ይሄዳል። ማንም አላዘዘም፣ ራሳቸው ናቸው የጀመሩት። ከእኔ ልጆች አንዱ ምግብ እምቢ ካለ ወይም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ መተኛት ካበዛ «ወደኔ አምጪው» ይሉና አንቀልባቸውን ያነሣሉ። እኔም መዝገቡን እከፍትና ስሜን ሰርዤ የእሳቸውን እጽፋለሁ። ልጁ ከዳነ ወደ አዳራሹ ይመለሳል፤ ስማቸውን ሰርዤ ስሜን እጽፋለሁ። ካልዳነ በስማቸው መስመር ላይ መስቀል ይገባል። በዚህ ዓይነት የሞቱት ሁሉ የእሳቸው ሆኑ፣ እሳቸው ያዳኗቸው ደግሞ ሁሉም የእኔ። በእኔ ስም አንድም መስቀል አልነበረም። እማማ ማንበብ አይችሉም፤ ቢችሉም ግድ የሚሰጣቸው አይመስለኝም።

የእማማን ነገር በደንብ ለማወቅ አንድ ሌላ ነገር መናገር አለብኝ። ከመንገድ የመጣ ልጅ ተጠምቆ እንደሆነና እንዳልሆነ የሚያውቅ የለም። ያልተጠመቀ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ አይቀበርም፣ ፍትሐትም የለውም። እማማ አንድ ልጅ እንደማይተርፍ ሲያውቁ ቄሱን ያስጠራሉ፤ ክርስትና እናቱ ራሳቸው ይሆናሉ፤ በገዛ እጃቸው የፈተሉትን ማተብ አንገቱ ላይ ያስራሉ። ሲሞትም ታቅፈውት እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በእግራቸው ይሄዳሉ። እሳቸው ሳይከተሉት የተቀበረ ልጅ አልነበረም። አንድ ቀን መሬቱ ሁሉ ጎርፍ ሆኖ እያየሁ፣ ዘበኛው ይቅበረው፣ እርስዎ ይቅሩ ብላቸው «የልጄን ጉድጓድ ሳላውቀው?» አሉኝና ጥለውኝ ሄዱ።

ያቺ ልጅ የመጣችው በግንቦት መጨረሻ ነው። ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ገበያ ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ተገኘች አሉ። ቃል አይወጣትም። በምን ቋንቋ እንደምትሰማ እንኳ ማወቅ አልቻልንም፤ እማማ በሦስቱም ሞክረው ምንም አልመለሰችም። ከማንኪያ አትበላም፣ ከሳሕን አትበላም። በሦስተኛው ቀን እማማ ገንፎ መዳፋቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው አጠገቧ ተቀመጡ፣ እሷም አንገቷን ደፍታ ከመዳፋቸው ላይ በላች። ከዚያ ቀን ጀምሮ «የኔዋ» ይሏታል። ሌላ ስም አልነበራትም።

ቄሱ ይጠሩ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው፣ በጣም ከስታ ነበርና። ተቆጡኝ። «ይህቺ ትድናለች። ስትድን በእግሯ ሄዳ ትጠመቃለች» አሉኝ። ቄሱን ማስጠራት ተስፋ መቁረጥ መሰላቸው። ሌሎቹን በችኮላ አስጠምቀው ቀብረዋል፤ ይህቺን ግን ለሞት ማዘጋጀት አልፈለጉም። እንዳሉትም በሰኔ መጀመሪያ ቆማ መሄድ ጀመረች። ከክፍሏ በር እስከ ማድ ቤቱ በር ድረስ ግድግዳ ይዛ ትሄዳለች፤ እማማ ጥጥ እየፈተሉ በዓይናቸው ይከተሏታል።

በዚያው ሰሞን ከከተማ ወሬ መጣ። ቢሮው በየማሳደጊያው ያሉትን ሞግዚቶች አስመርምሮ ከሁሉ የበለጠችውን ሊሸልም ነው። የሚመረምረው የጤና ተቆጣጣሪ ነው። ሐኪም ይሁን አይሁን እንጃ፣ ሁላችንም ዶቶሬ እንለዋለን። የማሳደጊያው ኃላፊ ጣልያናዊት ሲኞራ ደግሞ ከመጣች ገና ሁለት ወሯ ነበር፤ የታመመ ልጅ ከክፍል ወደ ክፍል የሚዛወርበትን ልማዳችንን አታውቅም። የነገራት የለም። መንገር የነበረብኝ እኔ ነበርኩ እንግዲህ፣ ቋንቋ የማውቀው እኔ ነኝ።

ዶቶሬው ሲመጣ ልጆቹን አጥበን፣ ፀጉራቸውን ላጭተን በረንዳው ላይ አሰለፍናቸው። እሱ ግን ልጆቹን ብዙም አላያቸውም፤ መዝገቡን ነው የጠየቀው። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በጣቱ መስቀሎቹን እየተከተለ ወረደ። በየመስቀሉ ላይ ጣቱ ቆም ይልና ወደ ስሙ ይሄዳል። ሁሉም አንድ ስም ነው። ከዚያ ወደ እኔ ስም ሄደ። ንጹሕ። ቀና ብሎ አየኝና ፈገግ አለ።

እማማ ያቺን ልጅ አዝለው በሩ ሥር ቆመዋል። ዶቶሬው በጣቱ እያመለከታቸው እኔን ጠየቀኝ። በዚህች ሴት እጅ ልጆች ለምን እንዲህ ይሞታሉ? ምክንያቱን ታውቂያለሽ? አለኝ። ሲኞራዋም እኔን ነው የምታየው።

መልሱ ቀላል ነበር። የሚታመሙትን ሁሉ የሚወስዱት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ጋ ያሉትም እሳቸው ያዳኗቸው ናቸው። ይህን በጣልያንኛ ለማለት ትንፋሽ እንኳ አይጨርስም። እኔ ግን «ኖን ሎ ሶ» አልኩ። አላውቅም ማለት ነው።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የእኔ አፍ አላመለጠኝም። ፈርቼ ነው ብል ዛሬ ይቀለኝ ነበር፤ የጣልያን ጊዜ ነው፣ ፍርሃት ለማንም ይቅር የሚባል ነገር ነው። ነገር ግን አልፈራሁም። የዶቶሬው ፈገግታ ጣፈጠኝ እንጂ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሰው አመስግኖኝ አያውቅም ነበር። ቤት ውስጥ እናቴ ቀርፋፋ ትለኛለች፣ እማማ ደግሞ ልጅ አያያዝሽ እንደ እንጨት ሸክም ነው እያሉ ይቀልዱብኛል። ያ መዝገብ ብቻ ነበር ጎበዝ ናት የሚለኝ፤ የጻፍኩትም እኔው ነኝ።

እማማ ምን አለ ብለው ጠየቁኝ። ልጆቹ ስንት እንደሆኑ ነው የጠየቀው አልኳቸው። «እንግዲያው ብርድ ልብስ እንደሌለን ንገሪልኝ፣ ክረምቱ ገባ» አሉኝ። ዶቶሬው ሴትዮዋ ምን እንዳለች ጠየቀኝ። ምንም፣ አልኩት።

የሽልማቱ ቀን ግቢው ውስጥ ባንዲራቸው ተሰቅሎ፣ ፎቶ አንሺ መጥቶ፣ ልጆቹ የማያውቁትን መዝሙር ሲያጉረመርሙ ዋሉ። ደረቴ ላይ ሜዳልያ አደረጉልኝ። ማኅተም ያለበት ወረቀትም ሰጡኝ። ከዚያ አንድ ወታደር የታጠፈ ግራጫ ብርድ ልብስ አምጥቶ ክንዴ ላይ ጫነው፤ ሽልማቱ ነው። ወፍራም የሱፍ ነው። ዞር ስል እማማን አየኋቸው። ብርድ ልብሱን አይተው ፊታቸው በራ። ስለነገርኩላቸው የመጣ መስሏቸዋል። ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው፣ ጎሽ፣ የሚሉኝ ይመስል ነበር።

ብርድ ልብሱን ለእናቴ ወሰድኩት። እናቴ ጎረቤት ጠርታ እያስዳሰሰች ልጄ ልጄ ስትል ሰነበተች። የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል የሚባለው ለእኔ ነው። ላስኩ።

በማግስቱ ሲኞራዋ ጠራችኝና እማማ ከዛሬ ጀምሮ እንዳይመጡ እንድነግራቸው አዘዘችኝ። ልጆች በእጇ ስለሚሞቱ ነው በያት አለችኝ። እማማ ክፍላቸው ውስጥ ተቀምጠው ያቺን ልጅ ከመዳፋቸው ያበሏት ነበር። ያንን ቃል መናገር አልቻልኩም፤ ውሸቱ ግን አላቃተኝም።

«እማማ፣ ደክመዋልና ይረፉ ብለዋል» አልኳቸው።

«ደከመኝ ያለው ማነው?» አሉ። ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ ተነሥተው ልጅቷን አነሡና አንቀልባውን በገዛ እጃቸው እኔ ጀርባ ላይ አሰሩት። እያሰሩ ነገሩኝ። በማንኪያ እንዳልሞክር። ስትበላ ዓይኗን እንዳላያት፣ ታፍራለች። ከዚህች ከምትሞቀው ክፍል እንዳላወጣት። ፊቷን ወደ ግድግዳ ካዞረች ደግሞ እንዳላስተኛት፣ እንዳዝላት። «አደራ» አሉኝ። አደራ ብለው ወጡ።

ያን ቀን መዝገቡን ከፈትኩ። በልማዳችን መሠረት የእማማን ስም ከልጅቷ መስመር ላይ ሰርዤ ስሜን መጻፍ ነበረብኝ። ብዕሩን ቀለም ነከርኩት። ልጅቷ ጀርባዬ ላይ ናት፣ ክብደት የላትም። ብትሞትብኝስ ብዬ አሰብኩ። ስለ እሷ አልነበረም ሐሳቤ፣ ስለ ንጹሑ መዝገቤ ነበር። ብዕሩን አስቀመጥኩት። ልጅቷ በግቢው በሌሉ ሴት ስም እንደተጻፈች ቀረች።

ከእኔ መዳፍ አልበላችም። በእውነት ሞክሬአለሁ። ግን ሞግዚት የተባልኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ አዳራሹ ሙሉ ልጅ እየጠበቀኝ፣ ችኩል ሆኜ አጠገቧ እቀመጣለሁ፣ ቶሎ ብዪ የሚል ዓይኔን ታየዋለች መሰለኝ። ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴ ገባ። ዝናቡ አያባራም። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እማማ እንዳሉት አዘልኳት፤ ስትከብደኝ አይደለም፣ ሥራ ሲበዛብኝ አወርዳታለሁ። ያ ግራጫ ብርድ ልብስ እናቴ ቤት ነው። ልመልሰው ሳስብ ለእናቴ ምን እላታለሁ እያልኩ ነገ፣ ከነገ ወዲያ አልኩ።

እማማ በየጠዋቱ ወደ ግቢው በር ይመጡ ነበር። ሽማግሌው ዘበኛ እንዳያስገባቸው ታዝዟል፤ እያፈረ ነው የሚከለክላቸው። እኔ ብቅ ስል አንድ ነገር ብቻ ይጠይቁኛል።

«በላች?»

«በላች፣ እማማ።»

አንድ ጠዋት ልብሳቸው በዝናብ ሰውነታቸው ላይ ተጣብቆ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ላብላትና ልውጣ አሉኝ። ሲኞራዋ ከተማ ሄዳ ነበር። ዘበኛውም ዓይኔን ነው የሚያየው፤ እሺ ካልኩት ይከፍታል። ይህን አልረሳውም። በዚያች ጠዋት ምንም የሚያግደኝ አልነበረም። ግን እማማ ገብተው ቢያበሏትና ብትበላ፣ ግቢው ሁሉ ያያል፤ ሜዳልያው የማን እንደሆነ ያኔ ይታወቃል። አይቻልም፣ ትእዛዝ ነው አልኳቸው። «ትእዛዝ ከሆነማ» ብለው ተመለሱ።

ከሁለት ቀን በኋላ፣ ምሳ ሰዓት አካባቢ፣ ሞተች። ቄስ አልተጠራም። ማን ይጥራው? የሚጠሩት እማማ ነበሩ። እኔ አላሰብኩትም። ዛሬ ድረስ የማይዋጥልኝ ይህ ነው፣ ክፉ አስቤ እንኳ አይደለም፣ ጭራሽ አላሰብኩትም።

መዝገቡን ከፈትኩና በመጨረሻው ባዶ ቦታ ላይ መስቀል አደረግሁ። በእማማ ስም። ከግቢው ከወጡ ሁለት ወር ሊሞላቸው ነበር።

በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ የተሸለመችውን ሞግዚት ሊያዩ ከከተማ ሴቶች ይመጣሉ ተብሎ ነበር። ሲኞራዋ ነጭ ሽርጤን አድርጌ፣ ሜዳልያዬን ሰክቼ እንድጠብቅ አዝዛኛለች። ስለዚህ ልጅቷን በነጠላ ጠቅልዬ ለዘበኛው ሰጠሁት። ያልተጠመቀች ስለሆነች ቤተ ክርስቲያን እንደማይወስዳት ሁለታችንም እናውቃለን። ጋቢው ውስጥ አስገብቶ፣ አካፋውን ይዞ በጓሮ በኩል ወጣ። ወዴት ብዬ አልጠየቅኩትም። እንግዶቹ በፊት ለፊቱ በር እየገቡ ነበር።

በማግስቱ እማማ መጡ። በላች ወይ አሉ። ልጅ የሌላቸው ደግ ሰዎች ወስደዋታል፣ ወደ ጅማ ሄደች አልኳቸው። ለውሸቴ ጌጥ ጨመርኩለት፤ ስትሄድ ከሴትየዋ መዳፍ ስትበላ አይቻታለሁ አልኳቸው። እማማ ተንበርክከው፣ ጭቃው ላይ፣ መሬቱን ሳሙ። ከዚያ ተነሥተው ሄዱ፤ ዳግመኛም በሩ ላይ አልመጡም። ደስ ብሏቸው ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ጣልያን ወጣ። ሲኞራዋም ሄደች። ማሳደጊያው አልተዘጋም፤ የሰፈሩ ሽማግሌዎችና ቄሱ ተረከቡት፣ እኔም በሥራዬ ላይ ቀረሁ። ሜዳልያውን ከአንድ ጨርቅ ጋር ጠቅልዬ ሳጥን ሥር ከተትኩት። በዓመቱ ሽማግሌዎቹ በዚያ በክፉው ዘመን ልጆቹን የጠበቁ ሰዎች ይመስገኑ አሉ። ስጦታው አንድ ነጭ ኩታ ነው። ለማን እንደሚገባ ጥያቄ አልነበረውም። እማማን ከቤታቸው ደግፈው አመጧቸው፤ እግራቸው አብጦ መሄድ አቅቷቸው ነበር። ከሄዱ ወዲህ ስንገናኝ የመጀመሪያችን ነው። እኔ ከሰው ኋላ ቆምኩ።

ኩታውን ትከሻቸው ላይ ሲያለብሷቸው እማማ «ቆዩ» አሉ። ኩታውን አወረዱና በዓይናቸው ፈልገው አገኙኝ። «ይህ የሷ ነው» አሉ። «የኔዋን በአደራ የያዘችልኝ እሷ ናት። ከእንግዲህ የታመመ ልጅ ሲመጣ ለሷ ስጡ።» ሰው አጨበጨበ። ቄሱ ባረኩኝ። ኩታው እኔ ላይ ወደቀ። ሜዳልያውን በተቀበልኩበት ቀን ቢያንስ ደስታ ነበረኝ፤ በዚያ ቀን ግን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር። አፍ አውጥቼ ግን አልተናገርኩም። ያን ያህል ሰው ፊት አልቻልኩም፣ ወይም አልፈለግኩም።

ኩታውን ሳምንት ይዤው ሰነበትኩ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት አጥፌ ይዤው ወደ ቀራንዮ ሄድኩ። እማማ ቤታቸው በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ጥጥ ይፈትላሉ። ኩታውን እግራቸው ሥር አስቀምጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ዶቶሬውን፣ ኖን ሎ ሶ ያልኩትን፣ ብርድ ልብሱን፣ የዘጋሁትን በር፣ ጅማ የሚባለውን ውሸት፣ መስቀሉን በማን ስም እንደጻፍኩት። እንዝርቱ አልቆመም። ስጨርስ ነው ያስቀመጡት።

ያውቁ ነበር። በር ላይ የዋሸኋቸው ዕለት፣ መሬት ስመው ሲመለሱ፣ ዘበኛው ከኋላ ሮጦ ደርሶባቸው እያለቀሰ ነግሯቸዋል። እኔ ደስ ብሏቸው ቀሩ ስል ለካ ለዚህ ነው የቀሩት።

ታዲያ ለምን በሰው ፊት እንዳመሰገኑኝ ጠየቅኳቸው። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር አልኳቸው፤ እያለቀስኩ ነው የምናገረው።

«ያ ቤት ሰው ይፈልጋል፣ እኔ እግሬ አልሆነኝም» አሉኝ። «የበደለ ሰው እንቅልፉ ቀላል ነው። ልጅ ሲያለቅስ ቶሎ ይሰማል። ሌላ ሰው ከማስቀምጥ አንቺን ማስቀመጥ ተሻለኝ። ላንቺ ብዬ አልነበረም።»

ላንቺ ብዬ አልነበረም ያሉት ትክክል ነበር፣ በልቤም ተቀበልኩት። ይቅር ብዬሻለሁ አላሉኝም። እኔም ይበሉኝ ብዬ አልጠየቅኩም። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ሁሉ የታመመ ልጅ አዝዬ የዋልኩት፣ ወጣቶቹ ትጋት ብለው ወረቀት ላይ የጻፉት ነገር፣ ያቺ ቀላል እንቅልፍ ናት።

ልነሣ ስል ቆይ አሉኝ። ከመቀነታቸው ጫፍ ላይ ቋጠሮ ፈቱ። የተገመደ የማተብ ክር ነው፣ ጥቁር የተነከረ፣ ለትንሽ አንገት የተለካ። በእግሯ ሄዳ ስትጠመቅ ሊያስሩላት የፈተሉት ነው።

«ዘበኛው አሳይሻለሁ ብሎኝ ነበር። እሱም በዚያው ዓመት ሞተ። ብቻዬን ጓሮውን ዞሬ ዞሬ አጣሁት» አሉኝ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ፣ ያኔ አንቀልባውን ሳያስሩልኝ በፊት ባዩኝ ዓይን።

«የት ነው የቀበራችኋት?»

«አላውቅም» አልኳቸው። ይህንን ቃል ስለ እማማ ተጠይቄ አንድ ጊዜ ብዬው ነበር፤ በዚህኛው ጊዜ እውነቴን ነበር።